ሉፕ ሲገባ ስላለው ሕመም፦ አዋላጅ ነርስ ለጥያቄዎቻችሁ ትመልሳለች

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ወልጄ አላውቅም። ሉፕ፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የእርግዝና መከላከያ፣ ላልወለደች የባሰ ያማል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አዎ። በምጥ ተከፍቶ የማያውቅ የማህፀን በር ጠባብ ነው። የወር አበባሽ ሲመጣ አጥብቆ የሚያምሽ ከሆነም አስቀድመሽ ንገሪ። ከጓደኛሽ ተነስተሽ ግን የራስሽን አትገምቺ። አንዷ «በቃ አለቀ?» ብላ ትነሳለች፣ ሌላዋ ታለቅሳለች፤ ሁለቱም አላጋነኑም።

ጥያቄ፦ በትክክል የሚያመው የቱ ነው?

መልስ፦ የማህፀን በር እንዳይንቀሳቀስ በመቆንጠጫ ሲያዝ አንድ ጊዜ ይቆነጥጣል። ከዚያ የማህፀን ጥልቀት በቀጭን ዘንግ ሲለካና ሉፑ ሲገባ ማህፀን ይኮማተራል፤ ኃይለኛ የወር አበባ ቁርጠት ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ያልቃል።

ጥያቄ፦ ከመምጣቴ በፊት አይቡፕሮፌን ብውጥ አይበቃም?

መልስ፦ እኔም ይህን ለዓመታት ስመክር ኖሬያለሁ። ጥናቶች ሲፈትሹት ግን ሉፑ በሚገባበት ቅጽበት ያለውን ሕመም እምብዛም አይቀንስም፤ ጥቅሙ በኋላ ለሚመጣው ቁርጠት ነው። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብሽ ሳታማክሪ አትውሰጂው።

የተሻለው በማህፀን በር ዙሪያ የሚወጋ ሊዶካይን የሚባል ማደንዘዣ ነው። ወልደው በማያውቁ ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት 20 ሚሊ ሊትር ባለ1 በመቶ ሊዶካይን ሕመሙን ቀንሷል። መርፌው ራሱ ያማል፤ አልዋሽሽም። የሚቀባና የሚረጭ ሊዶካይንም አለ። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መመሪያ ባለሙያዎች ስለ ሕመም ማስታገሻ አማራጮች ከሴቶች ጋር አስቀድመው እንዲነጋገሩ መክሯል። ስለዚህ ማደንዘዣ መጠየቅ ቅብጠት አይደለም። «ትንሽ ነው፣ ቻይው» የሚል ባለሙያ ካጋጠመሽ ሌላ ፈልጊ።

ጥያቄ፦ የማህፀን በርን የሚያለሰልሰው መድኃኒት፣ ሚሶፕሮስቶልስ?

መልስ፦ ለሁሉም አይሰጥም፤ ራሱ ቁርጠትና ማቅለሽለሽ ያመጣል። አንዴ ተሞክሮ አልገባ ላላት ሊታሰብ ይችላል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ሲገባልኝ ራሴን ስቼ ወደቅሁ። አሁን ሊቀየር ነው፤ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ የማህፀን በር ሲነካ በነርቭ በኩል የልብ ምት ሊቀንስና የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል፤ መሳትሽ ከዚያ ነው። ታሪኩን ገና ሳትተኚ ንገሪ፣ ምግብ ቀምሰሽ ሂጂ፣ ከአልጋው በቀስታ ተነሺ፣ የሚሸኝሽ ሰው ይኑር። «ይቁም» ካልሽም መቆም አለበት።

ጥያቄ፦ ቁርጠቱ ስንት ቀን ይቆያል?

መልስ፦ ለጥቂት ቀናት የተለመደ ነው፤ ሙቅ ውሃ የያዘ ላስቲክ ሆድሽ ላይ ማድረግና አይቡፕሮፌን ይረዱሻል። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ብዙ ደም ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ከመጣ ግን በዚያው ቀን ታዪ።