ፊታቸው ሁሉ አንድ ነውን?

ጥያቄ፦ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ የጥንት ጃፓናውያን ወይዛዝርትን የሚያሳዩ፣ በእንጨት የታተሙ ሥዕሎች ተመለከትሁ። ልብሳቸው ቢለያይም ፊታቸው የአንድ ሴት መስሎ ታየኝ። ሠዓሊው በእውነት የነበሩ ሴቶችን ነውን የሣለው? እንጨቱንስ የሚቀርጸው ራሱ ነበርን?
አንባቢ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ከኋለኛው ጥያቄዎ እንጀምር። ሠዓሊው ንድፉን በስስ ወረቀት ላይ ይነድፋል እንጂ እንጨት አይነካም። ቀራጩ ወረቀቱን በቼሪ እንጨት ላይ በፊቱ ደፍቶ ይለጥፈውና መስመሩን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይፈለፍላል፤ ለቀለሞቹም ሌሎች ሰሌዳዎች ይቀረጻሉ። አታሚው በበኩሉ ወረቀቱን በየሰሌዳው ላይ በተራ እያሳረፈ ጀርባውን በክብ መዳመጫ ያሻል። ወጪውን የሚችለው አሳታሚው ነው። በግንባር ዳር ያለውን የጸጉር መነሻ በአጉሊ መነጽር ይመልከቱት፤ ሠዓሊው በጥቂት ጭረት ያለፈውን ቦታ አንድ በአንድ ያወጣው ቀራጩ ነውና፣ ጭንቅላትንና ጸጉርን የመቅረጽ ሥራ ለተካነ እጅ ብቻ ይሰጥ ነበር።

ወደ ፊታቸው ስንመለስ፣ ሞላላ ፊት፣ ቀጭን ዓይንና ትንሽ ከንፈር የዘመኑ የደም ግባት መለኪያ ስለነበሩ አልተሳሳቱም። ይሁን እንጂ ሠዓሊው ኪታጋዋ ኡታማሮ እ.ኤ.አ. በ1793 ገደማ በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ በአንድ ወረቀት ላይ የሣላቸው ሦስት ሴቶች በከተማው በስም የሚታወቁ ነበሩ። ኦኪታ በአሳኩሳ ቤተ መቅደስ አጠገብ በነበረ ሻይ ቤት ታስተናግድ ነበር፤ ኦሂሳ የሩዝ ብስኩት ነጋዴ ልጅ ነበረች፤ ቶዮሂና ደግሞ በሙዚቃዋ የታወቀች ጌሻ፣ ማለትም እንግዶችን በጥበቧ የምታዝናና ሴት ነበረች። የአፍንጫቸውን መስመርና የጉንጫቸውን ሙላት ቀስ ብሎ ላነጻጸረ ሰው ልዩነቱ ይወጣለታል፤ ለቸኮለ ግን በልብሳቸው ወይም በማራገቢያቸው ላይ ያለው ምልክት ማንነታቸውን ይነግረዋል፤ የኦሂሳ ሦስት የኦክ ቅጠል ነው።

መንግሥት በዚያው ዘመን ከሴተኛ አዳሪዎች በቀር የሴት ስም በኅትመት ላይ እንዳይጻፍ ከለከለ። ኡታማሮም የሴቶቹን ስም በሥዕል እንቆቅልሽ ይደብቀው ጀመር። ናኒዋያ በተባለው ሻይ ቤት ለምትሠራው ለኦኪታ፣ በጃፓንኛ ሲነበቡ «ናኒዋ» የሚሉ ሁለት እስር የጎመን ዘር ቅጠሎች፣ «ያ» የሚባል ቀስት፣ «ኦኪ» የሚባል ከዳር የራቀ ባሕርና «ታ» የሚባል የሩዝ ማሳ በማዕዘኑ ላይ ሣለላት። ሥዕሉን የሚገዛው ሰው ፈትቶ ይስቅ ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ሹማምንቱም መፍታት አላቃታቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ1796 እንቆቅልሹንም ከለከሉት።