«አባቴ ቡናውን በኮንትራት ሰጥቼ ላስተምርሽ አለኝ»፦ ጄሮንቶሎጂ ለመማር ላሰበችው ነርስ

ጥያቄው የመጣው ከአጋሮ ነው። የጻፈችልኝ ነርስ ናት። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀች አራት ዓመቷ ነው፤ የምትሠራው ጤና ጣቢያ ነው። ደብዳቤዋን ላሳጥረው፦

«ጋሼ፣ ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ተመላላሽ ክፍል የሚመጡት አዛውንቶች አንጀቴን ይበሉታል። ግፊታቸውን ለክተን፣ ኪኒን ሰጥተን እንሸኛቸዋለን፤ በቃ። ስለ እርጅና በደንብ መማር እፈልጋለሁ። ጄሮንቶሎጂ የሚባል ማስተርስ በኦንላይን እንዳለ አየሁ። ውክልና ላጡ ተማሪዎች ድጋፍ አለ ይላል፤ እኔንም ይጨምራል? አባቴ ቡናውን ለሦስት ዓመት በኮንትራት ሰጥቼ ላስተምርሽ አለኝ። ልጀምር?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልነሳ። ቡናው አይነካ። አሁን ቢያንስ አይነካ።

ሐሳብሽ ግን ደስ ብሎኛል። እኔ ዘንድ የሚመጣው ወጣት በአብዛኛው የሚጠይቀኝ ስለ አካውንቲንግና ስለ ኮምፒውተር ነው። ስለ ሽማግሌና ስለ ባልቴት ልማር ብሎ የመጣ አላስታውስም። ከ100 ኢትዮጵያውያን 60 ዓመት የሞላቸው 5 ገደማ ናቸው። ትንሽ ይመስላል። በ120 ሚሊዮን ስታሰሊው ግን ስድስት ሚሊዮን ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ በ2050 እ.ኤ.አ. ከዓለም አረጋውያን 80 በመቶው የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ይኸውም እኛ ጋ።

አንድ ነገር ቀድመን እንለይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጄሪያትሪክስ ሕክምና ነው፤ የአረጋውያንን በሽታ ያክማል። ጄሮንቶሎጂ ደግሞ እርጅናን ራሱን ያጠናል፤ አካሉን፣ አእምሮውን፣ ቤተሰቡን፣ ጡረታውን፣ ፖሊሲውን። ቃሉን በ1903 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሳይንቲስቱ ኤሊ ሜችኒኮፍ ነው። ስለዚህ ጄሮንቶሎጂ ብትማሪ የምታገኚው ሰፊ ዕይታ ነው። የነርስነት ፈቃድሽን ከፍ አያደርገውም፤ መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣንም አይጨምርልሽም። ልብሽ ያለው ሕክምናው ላይ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እኔ የገባኝ ሰፊውን እንደምትፈልጊ ነው።

አሁን «ውክልና ላጡ ተማሪዎች» ወደሚለው ልምጣ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቁጥራቸው ካነሰ ወገኖች የመጡ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ቃል የራሱ ታሪክ አለው። የሚቆጠሩት ጥቁር አሜሪካውያን፣ የዘር ሐረጋቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ፣ የአገሬው ቀደምት ሕዝቦች፣ ከቤታቸው ኮሌጅ ሲገቡ የመጀመሪያ የሆኑ ናቸው። የመጨረሻው አንቺንም ይገልጻል። ገንዘቡ ሲመጣ ግን አብዛኛው ድጋፍ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ጄሮንቶሎጂን በርቀት ሲያስተምር ቆይቷል። ኮመንዌልዝ በሚባለው፣ በአብዛኛው እንግሊዝ ትገዛቸው በነበሩ አገሮች ማኅበር በኩል የሚሰጠው የርቀት ትምህርት ስኮላርሺፕ ግን ለአባል አገሮች ዜጎች ነው፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ይህን የምነግርሽ ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም። አባትሽ «ስኮላርሺፑ ኋላ ይመጣል» ብለው ቡናውን እንዳይሰጡ ነው።

ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ሁለተኛ ጥያቄ አለ። ትምህርቱ የተሠራው እንዳንቺ ላለ ሰው ነው ወይ?

ከዓመታት በፊት አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ መከርኩ። «ኦንላይን ስለሆነ ይመችሃል» አልኩት፤ አፌን ሞልቼ። ትምህርት ቤቱ በምሥራቅ አሜሪካ ነበር። ክፍሉ በቀጥታ የሚሰጥ ኖሯል፤ መገኘት ነጥብ አለው፤ ካሜራ መክፈት ግዴታ ነው። እዚያ ምሽት 12 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ እነሱ ጋ ክረምት ሲገባ 8 ይሆናል። ልጁ ጠዋት ሥራ ይገባል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኔትወርኩም አብሮ ይደክማል። የቡድን ሥራ ላይ ጓደኞቹ «ይሄ ሰው የት ጠፋ» ይሉታል። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ አልደረሰም። ብሩም አልተመለሰለትም። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ መጠየቅ የነበረብኝን አልጠየቅኩም።

አንቺ ግን ሳትከፍዪ ጠይቂ፤ በኢሜይል፣ በጽሑፍ። ትምህርቱ ተቀድቶ ይቀመጣል ወይ? በስልክ አውርጄ ማታ ያለ ዳታ ላየው እችላለሁ? በቀጥታ መገኘት ነጥብ አለው? የአንድ ሳምንት ሥራ ባሳልፍ ምን ይከተለኛል? የተግባር ልምምዱን አጋሮ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ልሠራው እችላለሁ? የሚቆጣጠረኝስ ማን ነው? ከኢትዮጵያ ወይም ከጎረቤት አገር የተማረ ሰው ካለ አገናኙኝ በያቸው። ለእንዳንቺ ዓይነት ተማሪ አስቦ የተሠራ ፕሮግራም ለእነዚህ ጥያቄዎች መልሱ በእጁ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥያቄሽን ሳይመልስ፣ ቀድሞ የተዘጋጀ ማስታወቂያ ብቻ ከላከልሽ ተይው።

ሦስተኛው ነገር ስለ ይዘቱ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ውጭ የሚሰጠው ትምህርት የአረጋውያንን አቅም የሚመዝኑ መለኪያዎችን ያስተምርሻል። አንዱ ሰውዬው ክንድ ማሳረፊያ ካለው ወንበር ተነሥቶ፣ 3 ሜትር ተራምዶ፣ ዞሮ ተመልሶ እንዲቀመጥ ያደርጋል። 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀበት የመውደቅ አደጋ አለው ይባላል። ጥሩ መለኪያ ነው። ግን ሽማግሌያችን የሚቀመጡት የት ነው? በርጩማ ላይ ነው። ከጅማ በርጩማ መነሣት ከወንበር እንደመነሣት ነው? ሌላው የሎውተን መለኪያ ነው፤ 1969 እ.ኤ.አ. የወጣ። አረጋዊው ስልክ መጠቀም፣ ገበያ መሄድ፣ ምግብ ማብሰል፣ ገንዘቡን መያዝ ይችላል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አጋሮ ያሉ እናት «ስልኩን ልጄ ይደውልልኛል» ቢሉ አቅም አጡ ማለት ነው? እሳቸውን ብትጠይቂ አቅም ማጣት የሚሉት ለቅሶ አለመድረስን፣ ለሶላት ጎንበስ ማለት አለመቻልን፣ የቡና ለቀማ ሲደርስ ቤት መቅረትን ነው።

ቋንቋውን ደግሞ እይው። በአማርኛ «ሽምግልና» ዕድሜም ነው፣ ማስታረቅም ነው። በኦሮምኛም «ጃርሱማ» እንደዚያው ነው። ሰው ሲያረጅ ሥራ ይጨመርለታል እንጂ አይቀነስለትም። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ጄሮንቶሎጂ ክፍል ውስጥ ጥቂት ነው። መምህሩ ራሱ ካንቺ ይማራል። ውክልና አጣ የሚባለው ተማሪ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ የሚለወጠው ይሄ ነው፤ መለኪያው ራሱ ጥያቄ ይነሣበታል። ደግሞም አንቺ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተማርሽ ነሽ። ሲቢቲፒ በሚባለው ሕብረተሰቡ ውስጥ በሚሰጠው ሥልጠና ወጥተሽ ቤት ለቤት ስትቆጥሪ፣ ቲቲፒ በሚባለው የቡድን ሥልጠና ላይ ከሌሎች ሙያዎች ተማሪዎች ጋር ገጠር ስታድሪ ኖረሻል። ያንን ብዙ አገር ያለ ተማሪ አላየውም። ማመልከቻሽ ላይ ጻፊው። ልጆቻችን ይህን እንደ ተራ ነገር ይዘሉታል፤ ያናድደኛል።

ወደ ወረቀቱ ጉዳይ በፍጥነት ልሂድ። ከውጭ ለሚመጣ ዲግሪ የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ሳትከፍዪ የትምህርት ቤቱን ስምና ትምህርቱ በኦንላይን መሆኑን ይዘሽ ጠይቂያቸው። ኮስት ሼሪንግሽን ካልጨረስሽ ዋናው ትራንስክሪፕት አይላክልሽም፤ እሱን አሁኑኑ ጀምሪ። ለእንግሊዝኛው፣ የተማርሽበት ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ የሚቀበሉ አሉ። ከሬጅስትራር አስጽፊው።

ሥራስ? እውነቱን ልንገርሽ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ጄሮንቶሎጂ የተመረቀ» የሚል አይቼ አላውቅም። አሠሪዎቹ ግን አሉ፤ በሌላ ስም ይፈልጉሻል። የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ መዋቅር አረጋውያንን የያዘው እሱ ነው። ለአረጋውያን የሚሠራው ድርጅት ሄልፕኤጅ ኢንተርናሽናል አገራችን ውስጥ ይሠራል። እንደ መቄዶንያ ያሉ መርጃ ማዕከላት በዚህ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ የሚከፍሉት ግን ትንሽ ነው። እነዚህ ማስታወቂያ ሲያወጡ የሚጽፉት «ሕብረተሰብ ጤና፣ ሶሻል ወርክ፣ ሶሲዮሎጂ ወይም ተመሳሳይ» ብለው ነው። የአንቺ ዲግሪ «ተመሳሳይ» ውስጥ መግባቱን የሚወስነው የሰው ኃይል ክፍሉ ነው። አንዳንዱ ክፍት ነው፤ አንዳንዱ ቃል በቃል ነው።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ምን አደርጋለሁ? መጀመሪያ ነፃውን እሞክራለሁ። የአውስትራሊያው የታዝማንያ ዩኒቨርሲቲ ስለ መርሳት በሽታ የሚያስተምረው የኦንላይን ኮርስ በነፃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አይኮፕ የሚባለውን የአረጋውያን እንክብካቤ መመሪያ አውጥቷል፤ የማስታወስ አቅምን፣ መንቀሳቀስን፣ አመጋገብን፣ ዓይንን፣ ጆሮንና የመንፈስ ጭንቀትን እንዴት እንደምታዪ ያሳይሻል። እሱን ይዘሽ ከኃላፊሽ ጋር ተነጋገሪና በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን አዛውንቶችን ለብቻ እዪ። ስድስት ወር ጻፊው፤ ስም ሳትጠቅሺ፣ በደብተር። ከዱቲ በኋላ ማታ ማጥናት ትችዪ እንደሆነም ራስሽን የምታውቂው በዚህ ነው።

ከዚያ በሁለት እጅ አመልክቺ። በአንዱ እጅ ውጭ፣ ሙሉ ወይም አብዛኛውን ወጪ የሚሸፍን ከተገኘ። በሌላው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ፤ መመረቂያ ጽሑፍሽን በአረጋውያን ላይ አድርጊው። ለአገር ውስጡ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ማለፍ አለብሽ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ግዴታ ነው። ሁለተኛውን እንደ ሽንፈት አትዪው። በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በስምምነት ያቋቋመው፣ ማልታ ያለው ዓለም አቀፍ የእርጅና ጉዳይ ተቋም አጫጭር ሥልጠና ሲያወጣ ደብተርሽን ይዘሽ ትወዳደሪያለሽ።

ጅማ ስትመጪ ብቅ በዪ። ትራንስክሪፕትሽን፣ የኮስት ሼሪንግ ወረቀትሽንና ከትምህርት ቤቶቹ የመጣውን መልስ ይዘሽ ነይ፤ አብረን እናየዋለን። ለአባትሽ ሰላምታ አቅርቢልኝ። ስለ ቡናው ኮንትራት የሚያናግሯቸው ሰዎች ካሉ፣ ቀብድ ሳይቀበሉ አንድ ጊዜ እንዲደውሉልኝ ንገሪያቸው።