ስድስት ኤፒ ለምን?

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነህ፤ ከአዲስ አበባ የመጣኸው 7ኛ ክፍል ሳለህ ነው። የሚቀጥለውን ዓመት ኮርስ የምትመርጥበት ጊዜ ደርሷል። አባትህ «ስድስት ኤፒ ካልወሰድክ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ አትገባም» ብለውሃል፤ ኤፒ ማለት ሃይስኩል ውስጥ የሚሰጥ፣ መጨረሻው ላይ ፈተና ያለው የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ ነው። አንተ ደግሞ ግማሹን ቀን ቶማስ ኤዲሰን የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት እየሄድክ ኤሌክትሪክ መማር፣ በኋላም ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ መግባት ትፈልጋለህ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንካራ አቋም ስላለኝ በቀጥታ ልንገርህ። ስድስት ኤፒ አትውሰድ። ካልኩለስና ፊዚክስ ለኢንጂነሪንግ የግድ ናቸውና ሁለቱን ውሰድ። ሳይኮሎጂውን፣ ጂኦግራፊውንና የቀሩትን ግን ለቁጥር ብቻ ብለህ አትደርድር።

ኤፒ በራሱ መጥፎ ትምህርት አይደለም። ግን መርሃ ግብሩን የሚያወጣው ኮሌጅ ቦርድ የተባለ ድርጅት ነው፤ ፈተናው ሜይ ላይ ነው፤ ውጤቱም ከ1 እስከ 5 ያለ አንድ ቁጥር ነው። መምህሩ ምዕራፉን ለመጨረስ ይሮጣል፣ ተማሪውም አብሮ ይሮጣል። አንድ ጥያቄ ላይ ሳምንት መቆየት የሚባል ነገር የለም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። በ2018 እ.ኤ.አ. ሲድዌል ፍሬንድስንና ጆርጅታውን ደይን ጨምሮ በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ስምንት የግል ትምህርት ቤቶች ኤፒን እስከ 2022 ደረጃ በደረጃ እንደሚያቆሙ አስታውቀዋል። በምትኩ መምህሮቻቸው ራሳቸው የሚነድፏቸውን ጠለቅ ያሉ ኮርሶች ማስተማር መረጡ። ደግሞም ውድ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ከተማዋ ውስጥ ገንዘብም እውቀትም ያላቸው ወላጆች ልጆቻቸውን የሚልኩባቸው። የእኛ ልጆች ሌላው እየተወው ያለውን ነገር እንቅልፍ አጥተው ለምን ያሳድዳሉ?

በርግጥ የእነዚያ ትምህርት ቤቶች ስም ብቻውን በር ይከፍታል። የአንተ ትምህርት ቤት ያ ስም የለውም። ኤፒን ጨርሰህ ተው ያላልኩህ ለዚህ ነው።

አባትህን እረዳቸዋለሁ። ያደጉት አንድ ማትሪክ የሰውን ዕድል በሚቆርጥበት አገር ነው። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚያ የመጣ ሰው ፈተና ሲበዛ ዕድል የሚበዛ ቢመስለው አይገርምም። እዚህ ግን ዩኒቨርሲቲዎች የአራት ዓመት ውጤትህን፣ ትምህርት ቤትህ ካቀረበልህ ውስጥ ምን እንደመረጥክ፣ ድርሰትህንና የመምህር ምስክርነትን አንድ ላይ ያያሉ። ስድስት ኤፒ ወስዶ አራቱን በሲ የጨረሰ ልጅ ለማን ያስቀናል?

«ክሬዲቱ የኮሌጅ ክፍያ ይቀንሳል» የሚለውንም በግልጽ እንነጋገርበት፤ ክሬዲት ማለት ኮሌጁ ኮርሱን እንደተማርክ ቆጥሮ የሚመዘግብልህ ነጥብ ነው። ክሬዲት የምታገኘው 3፣ ብዙ ቦታ ደግሞ 4 ወይም 5 ስታመጣ ነው፤ እንደ ዳርትማውዝ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ለኤፒ ክሬዲት መስጠት ትተዋል። አንዱ ፈተና ወደ 100 ዶላር ይጠጋል፤ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ቅናሽ አለው። ዓላማው ብር መቆጠብ ከሆነ የተሻለ መንገድ አለ። ሜሪላንድ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የትምህርት ሕግ መሠረት የተቀመጠውን መስፈርት ያሟላ ተማሪ ገና ሃይስኩል እያለ ኮሚኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ) በነፃ መማር ይችላል። እዚያ ክሬዲቱ የሚገኘው ከአንድ ቀን ፈተና ሳይሆን ከሙሉ ሴሚስተር ሥራ ነው። እኔ ራሴ ቀን እየሠራሁ ማታ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው የጀመርኩት፤ ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ስዛወር የሸኘኝም ያ ክሬዲት ነው። 12ኛ ክፍል ስትደርስ የአካባቢህ ኮሚኒቲ ኮሌጅ በሆነው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ድርሰት ኮርስ ውሰድ። ስለ እንግሊዝኛህ የጻፍከው ጭንቀትም እዚያው መልስ ያገኛል። አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ እዚያ ያመጣኸው ውጤት በኮሌጅ መዝገብህ ላይ ይቀራል።

አሁን ደብዳቤህ ውስጥ በጣም ወደወደድኩት ነገር ልምጣ። እናትህ እንጀራ ሲጋግሩ መብራት እየጠፋ አስቸግሮ ነበር። ሁሉም ምጣዱ ተበላሽቷል ሲል፣ አንተ ምጣዱና ማይክሮዌቩ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ደረስክበት። ምጣዱ 1500 ዋት ነው፤ በ120 ቮልት ሲካፈል 12.5 አምፒር ይስባል። መስመሩ የ15 አምፒር ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጥ ማብሪያ) አለው። ማይክሮዌቩ ሲጨመር ብሬከሩ ይወርዳል። ይህን ማንም ሳያዝህ፣ ወረቀት ላይ አስልተህ ነው ያገኘኸው! በሁለት መስመር እየጻፍክ አልፈኸዋል፤ ለእኔ ግን ከአንድ ተጨማሪ ኤፒ ይበልጥብኛል።

ስለዚህ አሳድገው። የፊዚክስ መምህርህን ቀርበህ እንደ ፕሮጀክት እንዲከታተሉህ ጠይቅ። የቤታችሁን ዕቃዎች ዋት ከጀርባቸው እያነበብክ መዝግብ፣ የትኛው በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ ንድፍ ሥራ፣ ጎረቤት ቤትም ድገመው። የብሬከር ሣጥኑን ክዳን ግን አደራ እንዳትፈታ። ኤዲሰን ስትገባ የምታየውን እዚሁ ላይ ታክልበታለህ። ለዩኒቨርሲቲ የምትጽፈው ድርሰትም ከዚህ ይወጣል። ደግሞ ኢንጂነሪንጉ ቢዘገይ እንኳ የኤሌክትሪክ ሙያ እየተከፈለህ የምትማረው ሥራ ነው። «ልጄ የእጅ ሥራ ሊሠራ ነው» ብሎ የሚያፍር ዘመድ ካለ፣ መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን ቤቱ ሲመጣ ስንት እንደሚከፍል ይንገርህ።

ኤስኤቲን (ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የሚያገለግለውን ፈተና) በ11ኛ ክፍል ሁለተኛ አጋማሽ ተፈተን፤ ካን አካዳሚ ድረ ገጽ ላይ ነፃ መለማመጃ አለልህ። የቅዳሜ ሥራህን አትተው፣ የማታ ፈረቃ ግን እንዳትጨምር።

ምርጫህን ከማስገባትህ በፊት አባትህን ይዘህ የትምህርት ቤቱን ካውንስለር (ተማሪን በኮርስ ምርጫ የሚያማክረውን ሰው) አነጋግር። ቀጠሮ ስትይዝ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቅ፤ ለወላጅ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። አንተ እንዳታስተረጉም። አባትህ የራሳቸውን ጥያቄ ራሳቸው ጠይቀው መልሱን ከካውንስለሩ አፍ መስማት አለባቸው።