ዘጠኝ ዓመት የሮጠ ሰው «ጀማሪ» ይባላል?

ጥያቄ፦ የአዘዞ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ አናጢነት ነው። ጎህ ሲቀድ መሮጥ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በቅርቡ አንድ ውድድር ላይ አስተዋዋቂው የክለብ ደሞዝተኞችን «ባለሙያ አትሌቶች»፣ እኛን ደግሞ አማተር ለማለት ፈልጎ «ጀማሪዎች» አለን። አማተር ማለት ጀማሪ ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደለም፣ ልጄ። ይህ ጉዳይ እኔንም ሲያንገበግበኝ ኖሯል። «ጀማሪ» «ጀመረ» ከሚለው ግስ የወጣ ሣልስ ቅጽል፣ ማለትም አድራጊውን የሚገልጽ ቃል ነው፤ የሚናገረው ስለ ጊዜ ነው። አማተር የሚናገረው ስለ ክፍያ ነው፤ ለስፖርቱ የማይከፈለው ማለት ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ፣ 2:12:12 ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሲይዝ፣ በኦሊምፒክ ሕግ አማተር ነበር። እንጀራው ከክቡር ዘበኛ ነው። ማን ደፍሮ ጀማሪ ይለዋል?

ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ነው፤ አማቶር «ወዳድ» ማለት ነው። ከእኛ «ዓይኑን አማተረ» ጋር ድምፁ ቢገጥምም ዝምድና የለውም። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1912 ሲቋቋም ስሙ ውስጥ አማተር የሚል ነበረበት። ቃሉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው።

ፕሮፌሽናል ለማለት የገባው «ባለሙያ»ማ ይብሳል። እዚህ ጎንደር «ባለሙያ ናት» ስንል ወጧ የሚጣፍጥ፣ ፈትሏ የሚቀጥን ማለታችን ነው። ለዶሮ ወጧ ደሞዝ የቆረጠላት የለም። ሙያ ችሎታ ነው እንጂ ቅጥር አይደለም። አንተም ባለሙያ ልትሆን ትችላለህ።

«የባዕድ ቃል ከምንዋስ በጀማሪ እንተካው» የሚሉ አሉ። ሐሳባቸው ሐሳቤ ነው፤ ምርጫቸው ግን ስህተት ነው። መተካት ካለብን «ወዶ ዘማች» እንደምንለው «ወዶ ሯጭ» እንበል። «ወዶ» የወደደ ቦዝ አንቀጽ ነው፤ የላቲኑን ትርጉም ልክክ አድርጎ ይዞታል። እንዴት ያለ የሚያምር ቃል ነው!

ግን የሚለው ሰው የለም። ሬዲዮውም ሜዳውም አማተር ብሏል፣ አንተም አማተር በል። ፕሮፌሽናልም እንደዚሁ ከእጃችን ወጥቷል። የኳስ ተመልካቹ ፕሮፌሽናል የሚለው ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ሄዶ የሚጫወተውን ነው። በ2013 ዓ.ም. ዋንጫ ያነሳው ፋሲል ከነማ ተጫዋቾቹ ደሞዝተኞች ነበሩ፤ ፕሮፌሽናል ሲባሉ ግን ብዙም አልሰማሁም። ቅር እያለኝ ተቀብዬዋለሁ። «ጀማሪ»ን ግን አልቀበልም፤ በራሴ ጽሑፍም «ወዶ ሯጭ» ማለቴን አልተውም።