ከአባ ኮዳ እስከ መስቀል ወፍ፦ የሐይቅ ዳር ጥያቄዎቻችሁ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሰው እየመራሁ ወፍ ማሳየት ከጀመርኩ 17 ዓመት አለፈኝ። ከዚያ በፊት አሞራ ገደል በሚባለው የዓሳ ገበያ ዓሳ አጸዳ ነበር። ስለዚህ ከእኔ የፕሮፌሰር መልስ አትጠብቁ። መጀመሪያ ቢላዋ ይዤ ያየሁትን፣ ኋላ ደግሞ አንብቤ ያጣራሁትን ነው የምነግራችሁ። በዚህ ወር ከመጡት ደብዳቤዎች አምስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጥር ወር ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ለሁለት ቀን ሐዋሳ እንመጣለን። ልጆቹ 7 እና 11 ዓመታቸው ነው። ትንሹ ወፍ ካየ ሌላ ነገር አያይም። ባለቤቴ ግን «ወፍ ለማየት ደግሞ ገንዘብ ይከፈላል እንዴ?» ትላለች። እውነት አስጎብኚ ያስፈልጋል? በስንት ሰዓት እንውጣ? ምን እንያዝ?
— አንድ አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ባለቤትዎ እውነታቸውን ነው። ወፍ ለማየት አይከፈልም። ለእኔ ዓይነቱ ሰው የሚከፈለው እንዲያስቆማችሁ ነው። ሰው ሐይቅ ዳር ሲመጣ ይራመዳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ዓሳውን በልቶ ይሄዳል። ወፏ ያለችው እሱ ባለፈው ፊላ ውስጥ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ቤተሰብ ይዤ ከአንድ ዋርካ እስከ ጀልባ መነሻው ሄድን። ቢበዛ 400 እርምጃ ነው። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። አባትየው መጀመሪያ ላይ አሥር ጊዜ ሰዓቱን ያይ ነበር። ቁርስ ረፈደ ስንለው «ቆይ፣ አንዴ» ያለን ግን እሱ ነው።

ምን ስታዩ ነው ይሉኝ ይሆናል። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነች ዓሳ አጥማጅ ወፍ አለች። ውሃው ላይ ክንፏን እያርገበገበች አየር ላይ ባለችበት ትቆማለች። ልክ እንደ ሄሊኮፕተር። ከዚያ ቁልቁል ትወረወራለች። ብዙ ጊዜ ትስታለች። ልጆች የሚወዷት ስለምትስት ይመስለኛል። የእሷ ዘመድ የሆነች ሌላ ደግሞ አለች፤ ከድንቢጥ ብዙም አትበልጥም፤ ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ሆዷ ብርቱካንማ፣ መንቁሯ ቀይ። ቄጤማ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ካላሳዩዎት አያዩአትም።

ጃካና የምትባለውንማ ትንሹ ልጅዎ ሳያያት እንዳትሄዱ። ጣቶቿ ከአካሏ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅም ናቸው። በእነሱ ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ ትራመዳለች። ከሩቅ ሲያዩአት ውሃው ላይ የምትሄድ ነው የምትመስለው። እንቁላል ታቅፎ ጫጩት የሚያሳድገው ወንዱ ነው። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን ክንፉ ሥር ሸጉጦ ይሸሻል። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ሌላ ባል ፍለጋ ትሄዳለች። ይህን ስናገር ሴቶቹ ይስቃሉ። ወንዶቹ «እስቲ ቢኖኩላሩን» ይሉኛል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር ሁኑ። ከተማው ያለው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ትሆንና ወፉ ላይ ታበራለች። ማታ ዓይናችሁ ውስጥ ትገባለች፤ ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይነሳና ውሃው ይናወጣል። ከ3 ሰዓት በኋላ ልጆቹን ወደ አሞራ ገደል ውሰዷቸው። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛ አለ። ዓሳ ሾርባውም ያኔ ይደርሳል።

ወሩን ጥሩ መርጣችኋል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡትም አብረው አሉ።

ቢኖኩላር አንድ ይበቃችኋል። 8 በ 42 የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ። 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል ማለት ነው። 42 የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። «ሃያ እጥፍ ያቀርባል» ብለው የሚሸጡላችሁን አትግዙ። እጅ ሲንቀጠቀጥ ወፉም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ነጭ ልብስ አትልበሱ። ልጆቹ ውሃው ውስጥ እግራቸውን አይንከሩ፤ ቢልሃርዝያ አለ። ዋጋውን ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። «እንደ ወንድም ነን፣ የፈለጋችሁትን ትሰጡኛላችሁ» ከሚል አስጎብኚ ራቁ። መጨረሻ ላይ የሚጣላችሁ እሱ ነው።

አስጎብኚ ያስፈልጋል ወይ ላሉት ሌላም ምክንያት አለኝ። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ ያድርና ጎህ ሲቀድ ወደ ውሃው ይመለሳል። የሚመለስበት መንገድ አለው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ሦስት ሰዎች ይዤ፣ ዛፍ ላይ ያለ ዓሳ በል ንስር እያሳየሁ፣ እየተራመድኩ ነበር። ንስሩ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ይጮሃል። እኛ ሁላችንም ቀና ብለናል። ከኋላችን ሣሩ ሲሰበር ሰማሁ። ጉማሬው ከወዲያ፣ ውሃው ከወዲህ፣ እኛ መሃል። ጉማሬ ከውሃው የከለከሉት ሲመስለው ነው የሚከፋው። ሰዎቹን እየጎተትኩ ወደ ዋርካው ጀርባ ሮጥኩ። አልፎን ገባ። አንዷ ሴትዮ ነጠላ ጫማዋ እዚያው ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀና ከማለቴ በፊት መጀመሪያ ሣሩን አያለሁ።

ጥያቄ፦ እኛ ባቱ ሐይቅ አጠገብ ነው የምንኖረው። ልጆቻችን ዓሳ ከሚጸዳበት ቦታ ሆድ ዕቃውን እያነሱ ለአባ ኮዳ ይወረውራሉ። ሴት ልጄ ትፈራዋለች። እኔ ደግሞ እጸየፈዋለሁ። እግሩ ላይ ይጸዳዳል! ይሄ ወፍ ጥቅሙ ምንድን ነው?
— የሦስት ልጆች እናት፣ ከባቱ

መልስ፦ እመቤቴ፣ በዚህ ወፍ ላይ እኔን ገለልተኛ አድርገው አይቁጠሩኝ። አሞራ ገደል እያለሁ አብረን ነው የሠራነው። እኔ ሥጋውን፣ እሱ ሆድ ዕቃውን።

እግሩ ላይ የሚጸዳዳው ባለጌ ሆኖ አይደለም። ሙቀት ሲበረታበት ነው። እርጥቡ ሲደርቅ እግሩን ያቀዘቅዝለታል፣ እኛ ላብ እንደሚያበርደን። የእግሩ ቀለም ጥቁር ነገር ነው፤ ነጭ የሚመስለው በዚህ የተነሳ ነው። ያቺ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለች፣ ስሙን ያሰጠችው ኮዳ ደግሞ ዓሳ የሚያስቀምጥባት አይደለችም። ውስጧ አየር ነው። ሲፈልግ ይነፋታል፤ ለሴቷ ለመታየትም ይጠቀምባታል። ራሱ ላይ ላባ የሌለው በድን ውስጥ ጭንቅላቱን ስለሚከት ነው። ላባ ቢኖረው እንዴት አድርጎ ያጸዳዋል?

ጥቅሙን ለማየት አንድ ሳምንት ጠፍቶ ቢያዩት ነበር። ያ ሁሉ የዓሳ ሆድ ዕቃ በዚያ ሙቀት እዚያው ሲበሰብስ ያስቡት።

ልጅቷ ብትፈራ አይፍረዱባት። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ከእሷ ይበልጣል። ሰው አሳዶ አይነክስም። ግን ከእጅ ላይ ምግብ ሲነጥቅ መንቁሩ ጣት ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ልጆቹ በእጅ አይስጡት። ከሁሉ በላይ ሆድ ዕቃውን በፌስታል አድርገው አይወርውሩለት። ከነፌስታሉ ይውጠዋል። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ደግሜ ማየት አልፈልግም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። በእረፍት ቀኔ ጓደኛዬ ራስ አል ኾር ወስዳኝ ፍላሚንጎ አየሁ። አለቀስኩ። ልጅ ሆኜ አባቴ አብያታ ሐይቅ ወስዶ አሳይቶኝ ነበር። እነዚያው ናቸው? ከአገር ቤት የመጡ ናቸው?
— እህታችሁ፣ ከዱባይ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «አዎ፣ የአብያታዎቹ ናቸው» ብልሽ ደስ ባለኝ። ግን ላልዋሽሽ።

ፍላሚንጎ ብዙ ዓይነት ነው። በእኛ በኩል የሚታየው ሁለት ነው። ዱባይ ያየሽው ትልቁን ነው፤ ረጅም፣ ነጣ ያለ፣ ክንፉን ሲዘረጋ ቀይ የሚፈነዳበት። ትንሹ አጠር ያለ፣ ጽጌረዳ መሳይ ቀለሙ የበረታ፣ መንቁሩ ጠቆር ያለ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ እንደ አብያታ ባሉ ሶዳማ ውሃዎች ላይ ሁለቱም ይመጣሉ። ግን በሺህ ሆኖ ሐይቁን ሮዝ የሚያደርገው በአብዛኛው ትንሹ ነው። አባትሽ ያሳየሽ ሐይቁ ዳር ሁሉ ሮዝ የሆነበትን ከሆነ፣ እሱን ነው ያየሽው ማለት ነው።

ቀለሙ የሚመጣው ከምግቡ ነው። ሲፈለፈሉ ግራጫ ናቸው። ትንሹ ውሃው ውስጥ ያለውን በዓይን የማይታይ አረንጓዴ ነገር ይበላል፤ ትልቁ ጥቃቅን ሽሪምፕና ትላትልም ይጨምራል። አበላላቸውን አስተውለሽ ይሆናል፤ ጭንቅላታቸውን ገልብጠው፣ መንቁራቸውን እንደ ወንፊት አድርገው ነው። ወደ ኋላ የሚታጠፍ ጉልበት የሚመስልሽም ጉልበት አይደለም። ቁርጭምጭሚት ነው። ጉልበታቸው ከዚያ በላይ፣ ሆዳቸው አጠገብ ላባ ውስጥ ተደብቋል።

ራስ አል ኾር ጥሩ ነገሩ ከመመልከቻ ጎጆ ሆኖ ማየት መሆኑ ነው። ማንም አያባርራቸውም፤ እንደ ልባቸው ይበላሉ። አብያታ ላይ ግን የእኛው ጎብኚዎች መኪና ይዘው እስከ ጭቃው ይነዳሉ። «ሲበሩ ቪዲዮ ልቅረጽ» ብለው ጥሩምባ የሚነፉ አሉ። አንድ ጊዜ ተነስቶ ለመብረር የሚያወጣው ጉልበት ሲበላ ያረፈደበትን ነው። ጭቃው ግን ፍርዱን ይሰጣል። ላዩ የደረቀ ይመስላል፣ ሥሩ ገንፎ ነው። ስንት መኪና በገመድ ሲጎተት አይቻለሁ፤ አንዳንዴ ትንሽ ደስ ይለኛል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አብያታ ራሱ ዱሮ ካየሽው ወደ ውስጥ ሸሽቷል። ከዝዋይ (ባቱ) ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ የሚወርድለት ውሃ መንገድ ላይ ለመስኖ ይጠለፋል። ከራሱም ላይ ሶዳ አሽ ለሚባለው የፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ተቀድቷል። ስትመለሺ ከፓርኩ ስካውት ጋር በእግር ሂጂ። ዱሮ መኪና ካቆማችሁበት ቦታ ብዙ ትራመጃለሽ። ፍላሚንጎዎቹ ግን አሁንም ይመጣሉ።

ጥያቄ፦ የመስቀል ወፍ ከመስከረም በኋላ የት ነው የምትሄደው?
— የ6ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከወላይታ ሶዶ

መልስ፦ የትም! የዚህ ወር ምርጥ ጥያቄ ያንተ ነው።

በዚህ ስም የሚጠሩት ወፎች እንደ አገሩ ይለያያሉ። እኛ ሰፈር የምንለው ቀይና ጥቁር የሆነውን፣ ፊላው ጫፍ ላይ ራሱን እንደ ኳስ ነፍቶ የሚዘለውን ነው። ያ ወንዱ ነው። በክረምት ሴት ለመሳብ ቀይ ልብሱን ይለብሳል። ጊዜው ሲያልፍ ያወልቀውና እንደ ሴቷ ቡናማ ዝንጉርጉር ይሆናል። ያኔ ከድንቢጥ ለይተህ አታውቀውም። ከመንጋው ጋር ሆኖ ማሽላ ላይ ይወርዳል። በመስከረም «እልል» የተባለለትን ወፍ በኅዳር በወንጭፍ እናባርረዋለን። ለአያትህ ንገራቸው።

ጥያቄ፦ 22 ዓመቴ ነው፣ ሐዋሳ ነው ያለሁት። የወፍ አስጎብኚ መሆን እፈልጋለሁ። እንግሊዝኛ እችላለሁ። ቢኖኩላር የለኝም። ከየት ልጀምር?
— «ጀማሪው»

መልስ፦ እንግሊዝኛህን አደንቃለሁ፤ ወፎቹ ግን አይሰሙህም። ከጆሮህ ጀምር። አንድ ዛፍ ምረጥ። ለአንድ ወር በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት ሥሩ ቁም። ማን እንደሚመጣ፣ ማን ማንን እንደሚያባርር፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ደብተር ላይ ጻፍ። ስሙን ካላወቅህ «ቀይ አፍ፣ የሚጮህ» ብለህ ጻፍ። ስልክህ ላይ መርሊን የሚባለውን መተግበሪያ በነፃ ጫን። ፎቶና ድምፅ ይለይልሃል። ግን አንዳንዴ ይሳሳታል፣ ደብተርህ ነው የሚያርመው።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔን ብዙ ያስከፈለኝ ነው። የማታውቀውን ወፍ ስም አትፍጠር። እኔ በጀማሪነቴ አንዲት ረጋ ያሉ አሮጊት እንግዳ አንድ ንስር ሲጠይቁኝ አፌ ላይ የመጣልኝን ስም ጠራሁ። ሴትዮዋ ፈገግ አሉ፤ ምንም አላሉም። ከዚያ በኋላ ግን ምንም ባሳያቸው በመጽሐፋቸው እያመሳከሩ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ! «አላውቅም፣ አብረን እንየው» ብል ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር።

በየዓመቱ በጥር በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች ቆጠራ ይደረጋል፤ እኛም ጋ ሐይቆቹ ላይ ይቆጠራል። ሰው ሁልጊዜ ያንሳል። ቆጣሪው የሚጠራውን ቁጥር የሚጽፍለት ሰው ይፈልጋል፤ ቢኖኩላር ባይኖርህም እርሳስ አለህ። እኔ ጎህ ሳይቀድ ፍቅር ሐይቅ በር ላይ እቆማለሁ። በግራጫ ኮፍያዬ ታውቀኛለህ። ፔርሙሱን እኔ አመጣለሁ፤ አንተ ዳቦ ያዝ።