አውታሩን አታስጨንቁት

ልጆቼ፣ በገና መማር ስትጀምሩ ድምፁ ያንስባችኋል። እጃችሁ ወዲያው ወደ መቃኛው ይሄዳል። ጠበቅ፣ አሁንም ጠበቅ ታደርጉታላችሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንደዚያ ነበርኩ። አንድ ቀን መምህሬ ምንም ሳይናገሩ አውታሮቹን አንድ በአንድ አላሉልኝና «በል አሁን ንካው» አሉኝ። ገበቴው፣ ማለትም የድምፅ ሳጥኑ፣ ደረቴ ላይ ሲነዝር ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

በገና የሚነዝረው በእንዝራው ነው። አውታሩ በርኩማው (አውታሮቹን ከገበቴው በላይ ደግፎ የሚይዘው እንጨት) ላይ ሲያልፍ ከሥሩ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባለታል፤ እንዝራ የምንለው ይህንን ነው። ቆዳውን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ፈቀቅ እያደረጋችሁ፣ አውታሩ ሲርገበገብ የበርኩማውን ጠርዝ ነካ እያደረገ የሚመለስበትን ቦታ ትፈልጋላችሁ። ከልክ በላይ የተወጠረ አውታር ብዙ አይርገበገብም፣ ጠርዙንም በደንብ አያገኘውም። ድምፁ ይደርቃል። በጣም የላላው ደግሞ ይንቀጫቀጫል፣ ቅኝቱም አይረጋም።

ወፍራም ድምፅ ስትፈልጉ አውታሩ ከላላባችሁ ወፈር ባለ ቀይሩት። ቀጭን ድምፅ ስትፈልጉ ከጠበቀባችሁ ቀጠን ያለ ያዙ። ሁሉን ነገር በመቃኛው ለመጨረስ አትሞክሩ። አንድን አውታር በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ያው ድምፅ ቀጥኖ እስከሚደገምበት እርከን፣ ከፍ ለማድረግ ውጥረቱ 4 እጥፍ መሆን አለበት። ያንን ሸክም የሚችሉት ቀንበሩ (አውታሮቹ ከላይ የሚታሰሩበት አግዳሚ እንጨት) እና የገበቴው ቆዳ ናቸው፣ ያውም የ10 አውታር።

የበግ አንጀት ከሆነ እርጥበት ይለዋውጠዋል፤ ክረምት ላይ ሳትቃኙ አትቀመጡ። ናይለን አዲስ ሲሆን ለቀናት ይለጠጣል። ታገሡት።

አሁን ወደ እጃችሁ ልምጣ፤ ብዙ ተማሪ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በጣት ስትደረድሩ 10ሩም አውታር አይደረደርም። የታወቁት በገና ደርዳሪ ዓለሙ አጋ 6ቱን ይደረድራሉ፣ 5 ብቻ የሚደረድሩም አሉ። የቀሩት የጣት ማረፊያ ናቸው። የግራ እጃችሁ ጣት አውታሩን ነክቶ ቀጥሎ ያለው ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ተነሥቶ ይመለሳል። ታዲያ ተማሪው የሚደረድራቸውን በጥንቃቄ ይቃኝና ማረፊያዎቹን ይረሳቸዋል። ማረፊያው ከላላ ጣታችሁ ይሰምጣል። ከጠነከረ ደግሞ ይጋጫል፣ ምቱም ይሰበራል። እኔ ማረፊያውን ከጎኑ ካለው አውታር ጋር የሚቀራረብ ውጥረት እሰጠዋለሁ።

የእጃችሁ አንጓ አይታጠፍ። ትከሻችሁ ወደ ጆሯችሁ አይውጣ። ጣታችሁ አውታሩን አይጎትተው፣ ገፋ አድርጎ ይልቀቀው እንጂ። በጥፍር፣ በጣት ሥጋ ወይም በድሕንፃ (አውታር መምቻ) መደርደር የምርጫ ጉዳይ ነው፣ እኔ የጣት ሥጋን እወዳለሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እጃችሁን ካመማችሁ ግን «ገና አልጠነከርኩም» ብላችሁ አትግፉበት። በገናውን አስቀምጡና መጀመሪያ ውጥረቱን እዩ።

ዛሬ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል አንዱን አውታር ብቻ ያዙ። ትንሽ አላሉት፣ እንዝራውን ፈቀቅ አድርጉ፣ ንኩት። ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ሌላውን አትንኩ።