ስሙ የጠፋ ሰፈር ውስጥ ሥራ አገኘሁ፤ ልግባ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዕድሜዬ 27 ነው፤ ፋርማሲስት ነኝ። አሁን ያለሁበት ቦታ ደመወዙም ዕድገቱም አያወላዳም። ሰሞኑን አንድ መድኃኒት ቤት ተፈትኜ አለፍኩ። ደመወዙ አሁን ከማገኘው በግማሽ ይበልጣል። የምገባውም የቅርንጫፉ ኃላፊ ሆኜ ነው። ችግሩ ሰፈሩ ነው። ስሙን ስጠራ ሰው ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል። ሞባይል ይነጠቃል፣ ሲመሽ ማጅራት መቺ አለ ይባላል። ፈረቃው አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት በኋላ ነው። የከሰዓቱ የሚያበቃው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። መኪና የለኝም። እስከ አውቶቡስ ፌርማታው በእግር አሥር ደቂቃ ግድም ይወስዳል። እጮኛዬ "እንዳትሞክሪው" ይለኛል። አባቴ ደግሞ "እዚያ ሰው አይኖርም እንዴ?" ይላል። እናቴ ከሰማች እንቅልፍ ስለማይወስዳት ገና አልነገርኳትም። እስከ ዓርብ መልስ እንድሰጥ ተጠይቄያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መ. ነኝ፣ ልቤ ሁለት የሆነብኝ

መልስ፦

እህቴ መ.፣ አባትሽም እጮኛሽም እውነት አላቸው። ያም ሆኖ ሁለቱም አልጠቀሙሽም። አንዱ ሰፈሩን በጅምላ ይፈራል፣ ሌላው በጅምላ አይፈራም። አንቺ ደግሞ የምትውዪው አንድ በር ውስጥ ነው፤ የምትሄጂው በአንድ መንገድ፣ በታወቀ ሰዓት ነው። መመርመር ያለብሽ እሱን ነው።

እኔ ወደ መጽሔት ሥራ ከመምጣቴ በፊት ማተሚያ ቤት ውስጥ የማታ ፈረቃ አራሚ ነበርኩ። የዚያም ሰፈር ስሙ የጠፋ ነበር። አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር የጥበቃው ሽማግሌ በሩ ላይ ያቆሙትና "በግራ ሂድ፤ በቀኝ እንዳትሄድ" ይሉታል። ሁለቱም መንገድ የሚያደርሰው እዚያው ፌርማታ ነው። የቀኙ አጭር ነው፤ ግን አንዱ ጎኑ በሙሉ የመጋዘን ግንብ ነው። በር የለው፣ መስኮት የለው። ብትጮኺ የሚሰማሽ ግንቡ ብቻ ነው። በግራ በኩል ሌሊቱን የሚሠራ ጋራዥና ነዳጅ ማደያ አለ። የተዘረፈ ባልደረባችንን ሁሉ "በየት ሄደህ ነው?" ስንለው መልሱ "በቀኝ" ነበር። ሦስት ደቂቃ ለማትረፍ!

ሽማግሌው በልምድ ያወቁትን ተመራማሪዎችም በቁጥር ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ ለፖሊስ የተደረጉ ጥሪዎችን አንድ በአንድ ተከታትሎ ነበር። ከጥሪዎቹ ግማሽ ያህሉ የመጡት ከከተማዋ አድራሻዎችና መስቀለኛ መንገዶች 3 በመቶ ገደማ ከሚሆኑት ነው። በሲያትል 14 ዓመት የሸፈነ ሌላ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል። ከወንጀሉ ግማሽ የሚጠጋው 5 በመቶ ገደማ በሚሆኑ የመንገድ ክፍሎች ላይ ተከማችቷል፤ ቦታዎቹም ከዓመት ዓመት እምብዛም አልተቀያየሩም። ስሙ የጠፋ ሰፈር ውስጥ ሰላማዊ መንገድ ብዙ ነው ማለት ነው። ስመ ጥሩ ሰፈር ውስጥም አንድ የተረገመ ማዕዘን አይጠፋም።

ስለዚህ ሄደሽ እዪው። በቀን አይደለም። ፈተናውን የወሰድሽው በቀን ሳይሆን አይቀርም፤ ያኔ ያየሽው ሰፈር ሌላ ነው። አንድ የሥራ ቀን ማታ፣ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ተገኚ። ብቻሽን እንዳትሄጂ። እጮኛሽን ይዘሽው ሂጂ፤ "እንዳትሞክሪው" ከማለት የተሻለ ሥራ ይሁነው። ከዚያ እስከ ፌርማታው በእግራችሁ ሂዱ። የመብራት ምሰሶ መኖሩ አይበቃም፤ አምፖሉ ይበራል ወይ? በዚያ ሰዓት የትኞቹ ሱቆች ክፍት ናቸው? ብቻቸውን የሚሄዱ ሴቶች ታያላችሁ? ሰው ስልኩን በእጁ ይዞ ያወራል ወይስ ሁሉም ኪሱ ከትቶ ነው የሚራመደው? ይሄኛው ብዙ ነገር ይናገራል። ነዋሪው የሚያውቀውን በአፉ ባይነግርሽም በእጁ ይነግርሻል። ፌርማታው ላይም ቆማችሁ ጠብቁ። አውቶቡሱ ግማሽ ሰዓት የሚቆይ ከሆነ አሥር ደቂቃው የእግር መንገድ ሳይሆን ያ ግማሽ ሰዓት ነው ጉዳዩ። የመጨረሻው አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሚያልፍም ጠይቂ። ሦስት ተኩል ላይ የሚያልፍ ከሆነና አንቺ ሒሳብ ስትዘጊ ከሦስት ካለፈ፣ በየሁለት ሳምንቱ ልትሯሯጪ ነው።

አሁን ደግሞ አንቺም እጮኛሽም ወዳላነሳችሁት ነገር ልምጣ። ሁላችሁም ያወራችሁት ስለ መንገዱ ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የመድኃኒት ቤቱ ውስጥ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ጽሑፍ ሠራተኛን ለጥቃት የሚያጋልጡ 10 ነገሮችን ዘርዝሯል። ወንጀል የበዛበት ሰፈር ከእነሱ አንዱ ብቻ ነው። ከሕዝብ ጋር ፊት ለፊት መገናኘት፣ ገንዘብ መቀበልና መመለስ፣ ብቻ መሥራት፣ አምሽቶ መሥራት፣ ውድ ዕቃ መጠበቅ፤ እነዚህም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አሉ። ማታ የሚሠራ መድኃኒት ቤት ሁሉንም ሊያሟላ ይችላል። ያለ ማዘዣ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ስጪኝ የሚል ሰው ደግሞ በየትም ሰፈር አለ። ሙያሽ ስለሆነ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

እስኪ "ኃላፊ" የሚለውን ነገር በደንብ አስቢው። ኃላፊ ማለት ቁልፍ የሚይዝ፣ የቀኑን ሽያጭ የሚቆጥር፣ መጨረሻ ላይ የሚወጣ ሰው ማለት ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የምትዘጊው አንቺ ነሽ። ያንን ቅጽበት በዓይነ ኅሊናሽ እዪው። መብራቱን አጥፍተሻል። የብረት መዝጊያውን ወደ ታች ጎትተሽ፣ ጀርባሽን ለመንገዱ ሰጥተሽ፣ አጎንብሰሽ ቁልፉን እየጎረጎርሽ ነው። ቦርሳሽ ትከሻሽ ላይ ነው። ውስጡ የቀኑ ገንዘብ ካለ፣ ያንን ለማወቅ ሌባ ጥቂት ማታ ማዶ ቆሞ ማየት ብቻ ይበቃዋል። መንገዱ የቱንም ያህል ብሩህ ቢሆን ይህ አይስተካከልም። የሚያስተካክለው አሠሪሽ ነው።

እናም ለአሠሪው ደውይለት። ማታ ስንት ሰው ነው የሚሠራው? ገንዘቡ በስንት ሰዓት ይሰበሰባል፣ በማን? የሚዘጋው ማን ነው፤ ሲዘጋስ ጥበቃ አብሮ ይቆማል? የማታ ፈረቃ መጓጓዣ አለ? ከእኔ በፊት የነበረችው ለምን ለቀቀች? ይህን መጠየቅ ቅንጦት ነው ብለሽ እንዳትሳቀቂ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው በሥራ ዓለም የሚደርስ ጥቃትና ትንኮሳን የሚመለከት ስምምነት ቁጥር 190፣ ወደ ሥራ መሄጃውንና መመለሻውን ጭምር ይሸፍናል። የመንገዱን ነገር "የራስሽ ጉዳይ ነው" የሚል አሠሪ ቢያንስ ከዚህ መንፈስ ወደ ኋላ የቀረ ነው።

አመላለሱንም ልብ በዪ። "እኛ ስንት ዓመት ስንሠራ አንድም ቀን ምንም አልሆንንም" ካለሽ ጥያቄሽን አልመለሰም። "ገንዘቡን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ይወስደዋል፣ ማታ ሁለት ሆናችሁ ነው የምትዘጉት" ካለሽ ሰውዬው አስቦበታል። የተስማማችሁበትን ውል ላይ ይጻፍልሽ። በቃል የተባለ መኪና በሁለተኛው ወር ይበላሻል፤ አይቼዋለሁ።

ከባለቤቱ ሌላ አሁን የማታውን ፈረቃ የምትሠራዋን ልጅ ፈልጊያት። መድኃኒት ልትገዢ እንደመጣሽ ገብተሽ፣ ቀስ ብለሽ አውሪያት። የእሷን ያህል የሚያውቅ የለም።

ስለ ደመወዙ አጭር ነገር ልበል። በማታዎቹ ሳምንታት እስከ ቤት በታክሲ መሄድ ካለብሽ፣ የወር ወጪውን ደምረሽ ከጭማሪው ቀንሺው። የቀረው እዚህ ግባ የማይባል ከሆነ የተጨመረልሽ ማዕረግ ነው፣ ደመወዝ አይደለም።

የእኔን አቋም ከጠየቅሽኝ እንዲህ ነው። ብቻሽን የማትዘጊ ከሆነ፣ ገንዘብም ይዘሽ የማትወጪ ከሆነ፣ ወይ መኪና ከተመደበልሽ ወይ መንገዱን አይተሽ ከረካሽ ግቢ። በ27 ዓመት ኃላፊነት ማግኘት ቀላል አይደለም። የመዝጊያውንም የገንዘቡንም ነገር እምቢ ካሉሽ ደመወዙን እጥፍ ቢያደርጉትም ይቅርብሽ። መሀል ላይ ከሆኑ ደግሞ የሙከራ ጊዜሽን ጠዋት ጠዋት ብቻ እንድትሠሪ ጠይቂ። እስከዚያ ሰፈሩን ትለምጂዋለሽ፣ ሰፈሩም ይለምድሻል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ፣ ሄደሽም አይተሽ፣ አሁንም ሆድሽ ከፈራ አትግቢ። በየማታው እየተንቀጠቀጡ መሥራት ጤና ይነሳል። ለማንም ምክንያት መደርደር የለብሽም።

እናትሽን በተመለከተ፣ ዛሬ አትንገሪያት። ማታውን ሄደሽ ካየሽ፣ ከአሠሪውም መልስ ካገኘሽ በኋላ ግን ሳትደብቂ ንገሪያት። ከሌላ ሰው ብትሰማ ነው የባሰ የምትጨነቀው። "አብራኝ የምትዘጋ ልጅ አለች፣ እንደወጣሁ እደውልልሻለሁ" ብለሽ ከጀመርሽ ቢያንስ የምትይዘው ነገር ይኖራታል።

ዓርብ ግን ቅርብ ነው። ነገውኑ ደውለሽ "ፍላጎት አለኝ፤ ሁለት ሦስት ጥያቄ ስላለኝ እስከ ማክሰኞ ጊዜ ስጡኝ" በያቸው። ቅዳሜ ማታን ጭምር ማየት ትችያለሽ፤ ቅዳሜ ማታ መንገዱ ከሥራ ቀን ማታ የተለየ ነው። ከፈለጉሽ አራት ቀን ይጠብቁሻል።